የደብዳቤ ሰርቨር ለትንሽ ቦታ፦ ስለ አመራረጡና ብልሽት ሲደርስበት ስለሚመረመርበት መንገድ

የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ደብዳቤ ሰርቨር ለመጻፍ ምን አግብቷቸው ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው አያስቀይመንም። ነገር ግን ደብዳቤ ከመሐንዲሱ ባላነሰ የኛም ጉዳይ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። መልእክት ከላኪው እጅ ወጥቶ ከተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ በመካከል ሲቀር ምን እንደሚከተል በታሪክ ትምህርታችን ደጋግመን አንብበናል፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ በትውልድ ቦታችን በቆላው አገር በዓይናችን አይተነዋል። ስለዚህ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስሕተት ሲያገኙብን እንዲያርሙን አስቀድመን እየለመንን፣ የተማርነውን በተማርንበት ቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሦስታችን የምዕራብ ጎንደር ቆላ ልጆች ስንሆን፣ ለዕረፍት ወደ መተማ በወረድን ጊዜ የአንድ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ አስጠሩን። ጸሐፊው የአባቶቻችን ባልንጀራ ናቸው። «ልጆች፣ እናንተ ዩኒቨርሲቲ ናችሁና ይህን ነገር እዩልኝ» ብለው ከቢሮው ጥግ ወደተቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ወሰዱን። አንድ ገዢ በመጋዘን ስለቀረው ሰሊጥ መጠንና ጥራት ጠይቆ ነበር። ማኅበሩም በዚያው ቀን መልስ ጻፈ። ከ18 ቀን በኋላ ገዢው ስልክ ደውሎ መልስ ስላላገኘ ከሌላ ቦታ መግዛቱን ነገራቸው። የማኅበሩ ኮምፒዩተር ግን ደብዳቤው «ተልኳል» ይላል፤ ተመልሶ የመጣ ነገርም የለም።

«ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ያረጀ ሊሆን ይችላል» አልናቸው፤ ይህን ያልነው እውነቱን ለመናገር ሌላ የምንለው ስላልነበረን ነው። እሳቸውም «እሱን ተዉትና ደብዳቤው ሄዷል ወይስ አልሄደም? ይህን ብቻ ንገሩኝ» አሉን።

ይህን ቀላል የሚመስል ጥያቄ ለመመለስ አራት ቀን ፈጀብን። በነዚያ አራት ቀናት የተረዳነው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ለትንሽ ቦታ የሚሆን የደብዳቤ ሶፍትዌር የሚመረጠው በሚሠራው ሥራ ብዛት ሳይሆን፣ መስመርና መብራት ሲጠፉ እንዴት እንደሚጠብቅ ታይቶና ስለ ጥበቃው የጻፈውን በቦታው ያለ ሰው አንብቦ ሊረዳው መቻሉ ተመዝኖ ነው።

ሀ/ ደብዳቤው የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች

የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ከላኪው በቀጥታ ወደ ተቀባዩ የሚበር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን አካሄዱ ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት በኩል መተማ ዮሐንስ እንደሚገባ መንገደኛ ነው። በየጣቢያው ያርፋል፤ በየጣቢያውም ሊቀር ይችላል።

የመጀመሪያው ጣቢያ ጸሐፊው ደብዳቤውን የሚጽፍበት ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ደብዳቤውን ተቀብሎ በወረፋ የሚያኖረውና ወደ ውጭ የሚልከው አስተላላፊው ሶፍትዌር ነው። ሦስተኛው ዲኤንኤስ የሚባለው የአድራሻ መዝገብ ሲሆን፣ የተቀባዩ ሰርቨር የት እንደሚገኝ የሚጠየቀው እርሱ ነው። አራተኛው የተቀባዩ አስተላላፊ ነው። አምስተኛው ደብዳቤው የሚቀመጥበት ሣጥን ነው። በመጨረሻም ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ የሚያነብበት ፕሮግራም አለ።

አስተላላፊዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል። ደንቡን ጆን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. ጽፎ አወጣው፤ መሻሻል ቢደረግበትም ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው። የደንቡ ጥበብ ለእያንዳንዱ ንግግር ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር መልስ መስጠቱ ነው። መልሱ በ2 ሲጀምር ነገሩ ተፈጽሟል ማለት ነው። በ4 ሲጀምር «ለጊዜው አልቻልኩም፤ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው። በ5 ሲጀምር ግን «አልቀበልም፤ ደግመህ አትምጣ» ማለት ነው። አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህን የ4ና የ5 ልዩነት እንዲይዝ እንመክራለን፤ አንዱ ትዕግሥትን፣ ሁለተኛው እርማትን የሚጠይቅ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ጸሐፊው በመስኮቱ ላይ ያዩት «ተልኳል» የሚለው ቃል ደብዳቤው ከአንደኛው ጣቢያ ወደ ሁለተኛው መድረሱን ብቻ ይመሰክራል። መንገደኛው ከጎንደር ወጥቶ አዘዞ መድረሱ ቢነገረን መተማ ገባ ብለን ግብዣ አንደግስም።

ለ/ ከኛ በፊት የነበሩ ሰዎች እንዴት አደረጉት

የአገራችን የፖስታ ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ/ም ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል የሆነችው በ1901 ዓ/ም ነው። ለኤሌክትሮኒክ ደብዳቤም የራሳችን ታሪክ አለን፤ ለያዝነው ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ስለሚሆን በአጭሩ እናንሣው።

ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቱ በኩል በአገራችን የተከፈተው በጥር 1989 ዓ/ም ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ግን በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል ፊዶኔት በሚባለው መረብ አማካይነት ደብዳቤ ይልክና ይቀበል ነበር። ፊዶኔት በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው ቶም ጄኒንግስ የተጀመረ ነው። አሠራሩም ደብዳቤዎች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ይጠቀለላሉ፤ ከዚያ በተራ የስልክ መስመር ወደ ውጭ አገር ተደውሎ ያለው ይላካል፤ የመጣውም ይወሰዳል፤ ስልኩም ይዘጋል።

ልብ እንበል፤ በዚያ ዘመን መስመሩ ሁልጊዜ ይከፈታል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። መስመሩ የሚከፈተው ለጥቂት ደቂቃ መሆኑን አስቀድመው አውቀው ሥራውን በዚያ ልክ ቀየሱት። የኛም ቆላ እንዲሁ ነው። ዝናብ፣ የመብራት መጥፋት፣ የመስመር መበጠስ አለ። በ2015 ዓ/ም ክረምትም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆይቷል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ ሰርቨር የሚያቆም ሰው መስመሩ መኖሩን ሳይሆን መጥፋቱን መነሻ አድርጎ ማሰብ አለበት።

ሐ/ ከሶፍትዌሮቹ የትኛው ይመረጥ

ለአስተላላፊነት ስማቸው የታወቀ አራት ያህል ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ።

ሴንድሜይል የሁሉም አንጋፋ ነው። ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሠራው። ለብዙ ዓመታት የዓለምን ደብዳቤ የተሸከመ ነው፤ ይሁን እንጂ የማስተካከያው ፋይል ለጀማሪ እንደ ጠልሰም የሚያስቸግር ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ሞሪስ የተባለው ትል በኢንተርኔት ላይ ሲዛመት ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ በዚሁ በሴንድሜይል የነበረ ነው።

ኪውሜይልን ዳንኤል በርንስታይን ስለ ደኅንነት ተጨንቆ ሠራው። ደራሲው ራሱ ያወጣው የመጨረሻው እትም ግን የ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰዎች እየጠገኑ ይዘውታል፤ ለጀማሪ ግን አንመክረውም።

ኤግዚምን ፊሊፕ ሄዝል በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1995 እ.ኤ.አ. ጀመረው። እንደ ልብ የሚታዘዝ ስለሆነ ብዙ ደንብ ላለው ትልቅ ቤት ተስማሚ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ከባድ ቀዳዳው ግን ሳያድሱ የተቀመጡ ብዙ ሰርቨሮችን ለአጥቂ አጋልጧል። ይህን የምንለው ሶፍትዌሩን ለመንቀፍ አይደለም፤ ማንኛውም ሶፍትዌር ቢሆን እድሳት ካላገኘ ክፍት በር እንደሚሆን ለማሳየት ነው።

ፖስትፊክስን ቪትሰ ቬኔማ በአይቢኤም የምርምር ክፍል ሠርቶ በ1998 እ.ኤ.አ. አወጣው። ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች አከፋፍሎ ስለሰጠ አንዱ ቢታመም ሌላው አይወድቅም። የማስተካከያው ፋይል በአንድ መስመር አንድ ትእዛዝ ስለሆነ ይነበባል።

አስተላላፊው ደብዳቤውን ያደርሳል እንጂ ለባለቤቱ ከፍቶ አያሳይም። ለዚህ ሥራ ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዶቭኮት በሰፊው የታወቀ ነው። ባለቤቱ ደብዳቤውን በስልክም በኮምፒዩተርም እንዲያነብ የሚያስችለውን አይማፕ የተባለውን ደንብ የሚያስፈጽም እርሱ ነው።

ከነዚህ ሌላ አስተላላፊውን፣ ሣጥኑን፣ የቫይረስ መርማሪውንና የድረ ገጽ መስኮቱን አንድ ላይ አጣምረው የሚመጡ ጥቅሎች አሉ። በአንድ ትእዛዝ ስለሚጫኑ ያጓጓሉ። የማኅበሩም ኮምፒዩተር የተጫነበት እንዲህ ያለ ጥቅል ነበር። ማሽኑ ያለው ማኅደረ ትውስታ 2 ጊጋባይት ነው። ክላምኤቪ የተባለው የቫይረስ መርማሪ ግን ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይበላል። ስለዚህ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ይውላል፤ በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት አለ። ከተጫነው ነገር ውስጥ አብዛኛውን ማኅበሩ አንድ ቀን እንኳ ተጠቅሞበት አያውቅም።

እኛ ምርጫችንን ለአራት ጥያቄዎች በተገኘው መልስ ወሰንን። ማሽኑ ይሸከመዋልን? መስመር ሲጠፋ ደብዳቤውን ጠብቆ ያቆያልን? ሲታመም የሚጽፈውን የማኅበሩ ጸሐፊ ልጅ ልታነበው ትችላለችን? የደኅንነት እድሳቱ ከሌላው የሊኑክስ እድሳት ጋር አብሮ ይመጣልን? ለነዚህ ሁሉ ፖስትፊክስና ዶቭኮት በቂ ሆነው አገኘናቸው። ኤግዚምን በሚገባ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ያለ ግን ኤግዚምን ቢመርጥ ልክ ነው፤ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የሚያውቀው ሰው ቅርብ መሆኑ ይበልጣልና።

ስለ ጥበቃው ጥቂት እንጨምር። ፖስትፊክስ ደብዳቤ ሳይሄድለት ሲቀር፣ ማስተካከያው ካልተነካ በቀር፣ መጀመሪያ ከ5 ደቂቃ ያህል በኋላ ይሞክራል፤ ከዚያ የሙከራውን ጊዜ እያራዘመ እስከ 4,000 ሰከንድ፣ ማለት ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ልዩነት መሞከሩን ይቀጥላል። 5 ቀን ሲሞላው ተስፋ ቆርጦ ለላኪው ይመልሳል። በነዚህ 5 ቀናት ውስጥ ግን ደብዳቤው መዘግየቱን ለላኪው አይናገርም፤ እንዲናገር ካልታዘዘ በቀር። «ከ4 ሰዓት በኋላ አስጠንቅቅ» የሚል አንድ መስመር መጨመር የማንኛውም ትንሽ ሰርቨር የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል እንላለን። ለነጋዴ 5 ቀን ብዙ ነው።

መ/ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ

ሰርቨሩ ከቢሮው ጥግ መቀመጡ የራስን ዕቃ የመያዝ ደስታ ይሰጣል። ዳሩ ግን ከዓለም ደብዳቤ በቀጥታ ለመቀበል የማይለወጥና ለብቻ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ያስፈልጋል። በሞባይል መስመር የሚሠራ ቢሮ ብዙ ጊዜ ይህ የለውም፤ አንድ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር በጋራ ይሰጠዋል። ደብዳቤ የሚወጣበት 25ኛው በር በብዙ መስመር ሰጪዎች ይዘጋል፤ ይህም የሚደረገው ቫይረስ የያዘው ኮምፒዩተር ሁሉ የማጭበርበሪያ ደብዳቤ እንዳይረጭ ነው።

ስለ እምነትም የሚባል አለ። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማንኛውም ላኪ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ኤስፒኤፍ የሚባለው በአድራሻ መዝገቡ ላይ «በስሜ መላክ የተፈቀደለት ይህ ሰርቨር ነው» ብሎ የሚያስታውቅ ጽሑፍ ነው። ዲኪም የሚባለው ደግሞ በየደብዳቤው ላይ የሚያርፍ ማኅተም ነው። የሰርቨሩ ቁጥር ወደ ስሙ፣ ስሙም ወደ ቁጥሩ ተመልሶ መመሳከር አለበት። ይህ ያልተሟላለት ደብዳቤ ቢሄድም ከቆሻሻው ሣጥን ይገባል፤ ወይም በ5 የሚጀምር መልስ ያገኛል።

ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ መረጥን። በኪራይ የተያዘ አንድ ትንሽ ሰርቨር መብራትና መስመር በማይጠፋበት ቦታ ሆኖ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይቀበላል፤ ይልካልም። የመተማው ማሽን የወጪውን ደብዳቤ በ587ኛው በር በይለፍ ቃል ለእርሱ ያስረክባል፤ የገባውንም መስመር ባገኘ ጊዜ ያወርዳል። የፊዶኔት አሠራር መሆኑን አንባቢ ሳያስተውለው አይቀርም። መስመር ለሁለት ሳምንት ቢጠፋ የመጣው ደብዳቤ በዚያ ይጠብቃል፤ በግቢው ውስጥ ከቢሮ ወደ መጋዘን የሚላከውም በውስጥ መረቡ መሄዱን አያቋርጥም።

«ይህን ሁሉ ከመድከም ከአንዱ ትልቅ ኩባንያ ነፃ አድራሻ አይከፈትም ወይ?» የሚሉ አሉ። ለሦስት ሰው ቢሮ እውነት ነው፤ እኛም ይህንኑ እንመክራለን። ማኅበሩ ግን ከዚህ ቀደም እንዲሁ አድርጎ ነበር። አድራሻው የተከፈተው በአንድ ሠራተኛ የግል ስም ነበርና ሰውየው ሥራ ሲለቅ የዓመታት ደብዳቤ አብሮት ሄደ። ከሚያዝያ 2015 ዓ/ም ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከገላባት ማዶ ያሉ ደንበኞች ከከተማ ወደ ከተማ ተሰደዱ፤ የሱቃቸው ስልክ ጠፋ፤ አድራሻቸውም የቀረው በዚያ በሄደው ሣጥን ውስጥ ነበር። እንግዲህ ሰርቨሩን ማንም ያቁመው፣ የዶሜይኑ ስም በማኅበሩ በራሱ ስም እንዲመዘገብ አጥብቀን እንናገራለን።

ሠ/ ብልሽት ሲደርስ የሚመረመርበት መንገድ

አሁን ወደ ጸሐፊው ጥያቄ እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን የፈለግነው ያለውን ሶፍትዌር አውጥተን አዲስ መጫን ነበር። ብናደርገው ኖሮ በወረፋው ያሉት ደብዳቤዎች ሁሉ ይጠፉ ነበር፤ ምክንያቱንም ሳናውቀው እንቀር ነበር። ከብልሽት ሁሉ የሚከፋው በመጠገን ስም የሚደረግ ብልሽት መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በኋላ የተከተልነው ሥርዓት ይህ ነው፤

1ኛ/ ወረፋውን መመልከት። ፖስትፊክስ በወረፋው ያለውን ደብዳቤ ሁሉ ከነምክንያቱ ይዘረዝራል። የጸሐፊው ደብዳቤ እዚያው ተኝቶ አገኘነው። ከርሱም ጋር ሌሎች 11 ነበሩ። ማኅበሩ አብዛኛውን ጉዳይ በስልክና በቴሌግራም ስለሚጨርስ ማንም አላስተዋለም።

2ኛ/ ሎግ የሚባለውን የሥራ መዝገብ ማንበብ። እያንዳንዱ ደብዳቤ መለያ ቁጥር አለው። ያን ቁጥር ይዞ ከመዝገቡ ውስጥ የመጀመሪያውን የስሕተት መስመር መፈለግ ነው፤ የመጨረሻውን አይደለም። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስሕተት ልጅ ነው።

3ኛ/ ቁጥሩን ወይም ቃሉን መተርጐም። «ጊዜው አለፈ» የሚለው መንገዱ ወይም በሩ መዘጋቱን ይናገራል። «ስሙ አልተገኘም» ካለ የአድራሻ መዝገቡ ይመርመር። 550 ካለ አድራሻው የለም ወይም ተቀባዩ አልፈለገንም ማለት ነው። 451 ካለ እንጠብቅ። «ማስተላለፍ አልተፈቀደም» ካለ ላኪው የይለፍ ቃሉን አልሰጠም ማለት ነው፤ ይህን ለማስቀረት ብሎ ለሁሉ የሚፈቅድ ሰው ሰርቨሩን ለአጭበርባሪዎች አሳልፎ ይሰጣል፤ በጥቂት ሰዓትም ስሙ በጥቁር መዝገብ ይገባል።

4ኛ/ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መሞከር። ሁለት ነገር ለውጠን ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው አናውቅም።

5ኛ/ የተደረገውን በደብተር ከነቀኑ መጻፍ። መብራት በሚጠፋበት አገር ደብተር ከኮምፒዩተር ይሻላል።

በኛ ማሽን መዝገቡ የሚለው «የምስክር ወረቀቱ ዘመን ገና አልደረሰም» ነበር። በኪራይ የተያዘው ሰርቨር ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ዘመን አለው። ዘመኑ ገና አልደረሰም ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ የመዝገቡን ቀን ተመለከተ። ማሽኑ ራሱን የሚያገኘው ከብዙ ዓመት በፊት ነበር!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ሥራዋ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ባትሪዋ ሞታለች። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው አገልግሎትም አልተከፈተም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ወደዚያው አሮጌ ቀን ይመለሳል። የምስክር ወረቀቱንም «ገና አልተወለደም» ብሎ ስለማያምነው ደብዳቤውን አያስረክብም። ከዚህም የባሰው፣ 5 ቀን ሲሞላ ደብዳቤው ለላኪው ሊመለስ ሲገባው፣ ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ ስለሚሄድ 5 ቀኑ አይሞላም። 18 ቀን ተኝቶ ያልተመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ባትሪዋን ከገንዳ ውሃ ገዝተን ቀየርን። የሰዓት ማስተካከያውን ከፈትን። ወረፋውንም «አሁን ሞክር» አልነው። 12ቱም ደብዳቤዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወጡ፤ ለእያንዳንዱም መልሱ 250 ነበር። ለጸሐፊው «ጋሼ፣ አሁን ሄዷል» ብለን ነገርናቸው። እሳቸውም «አሁንማ ምን ያደርጋል?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ረ/ ስለ ፊደላችን

ከ12ቱ ደብዳቤዎች አንዱ በአማርኛ የተጻፈ ነበር። ተቀባዩ ስልክ ደውሎ «የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የደረሰኝ» አለ። ይህ ብልሽት የኛን ፋኩልቲ በቀጥታ ይመለከታልና ሳንመረምረው አላለፍንም።

የኢሜይል ደንብ ሲጻፍ የታሰበው ለላቲን ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ደብዳቤው በአማርኛ ሲጻፍ በራስጌው ላይ «ይህ በዩቲኤፍ 8 የተጻፈ ነው» የሚል ምልክት መኖር አለበት። በኛ ጉዳይ ጥፋቱ የአስተላላፊው አልነበረም፤ የመጻፊያው ፕሮግራም በአሮጌ የፊደል አያያዝ ተስተካክሎ ስለነበረ አማርኛውን ገና ከቢሮው ሳይወጣ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠው ነበር። ፊደሉ አንድ ጊዜ ጥያቄ ምልክት ከሆነ በኋላ ደግሞ የሚያድነው የለም። እንዲህ ያለውን ለማወቅ ዘዴው ቀላል ነው፤ ደብዳቤውን ለራስ ልኮ በየጣቢያው መልኩን ማየት ነው።

አድራሻውን ራሱን በግዕዝ ፊደል ለመጻፍም መንገዱ ተከፍቷል። ደንቡ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ፖስትፊክስም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቀበለዋል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያሉት ሰርቨሮች ሁሉ ካልተቀበሉት ስለማይደርስ፣ ለንግድ ሥራ ዛሬ የላቲኑን አድራሻ መያዝ ይሻላል። በአማርኛ ጽፎ መላክ ግን ዛሬውኑ ያለ ችግር ይቻላል፤ ማሽኑ አይችልም ተብሎ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚገደድ ጸሐፊ ሊኖር አይገባም።

መደምደሚያ

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሳችን በፊት ትርፉን ሶፍትዌር አራግፈን ፖስትፊክስና ዶቭኮትን ብቻ ተውን፤ ከ4 ሰዓት በኋላ የሚያስጠነቅቀውን መስመር ጨመርን፤ አጫጭሮቹን የይለፍ ቃላት በረጃጅም ለወጥን። ለጸሐፊው ልጅም ወረፋውን በየጥዋቱ መመልከትን አሳየናት። ደብተሩን ከፍታ የባትሪዋን መለወጫ ቀን በመጀመሪያው ገጽ ጻፈች። ከኛ ይልቅ ቶሎ ገባት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ውድ አንባብያን፣ በየገጠሩ ከተማ ማኅበር፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አለ፤ በየቢሮውም ማንም የማይመለከተው ኮምፒዩተር ከጥግ ተቀምጧል። ለዕረፍት ስትወርዱ ጠይቁና ተመልከቱት። መጀመሪያ ቀኑን እዩ፤ ቀጥሎ ወረፋውን እዩ፤ ከዚያ መዝገቡን አንብቡ። ሶፍትዌሩን ለመለወጥ አትቸኩሉ። የማኅበሩ ሰሊጥ ዋጋው ወርዶ እስኪሸጥ ድረስ በመጋዘን የቆየው ማንም ወረፋውን ከፍቶ ስላላየ ነውና።